«በላ ልበልሃ» እና እኛ
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ ድብ ባሕር፣ በሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ የቀረበ ንግግር



የዘንድሮው ጉባኤ እዚህ ድብ ባሕር መደረጉ ለእኛ ለቆለኞቹ ቀላል ነገር አይደለም። እስከ ዛሬ ሊማሊሞን የምንወጣው እኛ ነበርን። ዛሬ የዳባትና የደባርቅ እህቶቻችን ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ፣ ጋቢያችሁን አውልቃችሁ፣ ሙቀቱን ችላችሁ ከጎናችን ተቀምጣችኋል። እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ውኃው ከበሩ አጠገብ ነው፤ እየተነሳችሁ ቅዱ፣ አንቀየምም።

በፕሮግራሙ ላይ የተጻፈልን ርእስ «የሴት ሕግ ባለሙያዎች ለሴቶች መብት ያደረጉት አስተዋጽኦ» የሚል ነው። ርእሱ ጥሩ ነው፣ እንናገርበታለን። ነገር ግን ኮሚቴያችን ሌላ ጉዳይም ይዟል። ንግግራችን ሲያልቅ አንድ ነገር ትወስናላችሁ፤ ከየወሩ መዋጯችን አምስት አምስት ብር ተለይቶ «የፍርድ ቤት መሄጃ ሣጥን» ይቋቋም ወይስ አይቋቋም? ስለ ጠበቆቹ የምንናገረው ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርስ ስለሆነ በትዕግሥት ስሙን።

ሣጥኑ የታሰበው በአንዲት እህታችን ምክንያት ነው። ስሟን አንጠራም፤ ጉዳይዋን እንድንናገር ግን ፈቅዳልናለች። ባለቤቷ ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ። በየዓመቱ ከዚህ አገር ስንት ሰው እንደሚወርድ ታውቃላችሁ፤ አብዛኛው ይመለሳል። እሱ ሦስት ዓመት ቆየ። ሲመለስ ሌላ ሚስት ይዞ መጣና አራቱን ጥማድ መሬት ለወንድሙ አከራየሁ አለ። እህታችን በእነዚያ ሦስት ዓመታት መሬቱን በእኩል አሳርሳ፣ ግብሩን ከፍላ፣ ሁለት ልጆች አስተምራለች። ሽማግሌዎች ተቀመጡና «አንዱን ጥማድ ይዘሽ በሰላም ኑሪ» ብለው ፈረዱ። እሷ ግን ከሣጥኗ የመሬት ይዞታ ደብተሩን አወጣች። በደብተሩ ላይ ሁለት ስምና ሁለት ፎቶግራፍ አለ። አንዱ የእሷ ነው።

ክስ መሠረተች። የመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛ ስላልነበረ ተላለፈ። ሁለተኛው መጥሪያው ለተከሳሽ ስላልደረሰ ተላለፈ። በሦስተኛው መንገድ ተዘግቶ እሷ ራሷ ሳትደርስ ቀረች። ለመጀመሪያው ጉዞ ፍየል ሸጠች፣ ለሁለተኛው ዶሮዎቿን፣ ለሦስተኛው ከማኅበራችን ቁጠባ በወለድ ተበደረች። አራተኛው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። ባለፈው ወር ወደ ኮሚቴው መጥታ «ልተወው ይሆን?» ብላ ጠየቀችን። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። ያቃታት ሕጉ አይደለም፣ ሊማሊሞ ነው፤ የመኪናው ሂሳብ፣ የማደሪያው፣ የቀረው የቀን ሥራ።

አገራችን ሙግት የሚወድ አገር ነው። ድሮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ፣ አላፊ አግዳሚው ዳኛ ሆኖ ይቀመጥና ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ግጥም እየደረደሩ ይሟገቱ ነበር። «በላ ልበልሃ» ይባል ነበር። ቃሉን ልብ በሉት፤ የሚናገረው ወንድ ነው፣ የሚነገረውም ወንድ ነው። «በይ ልበልሽ» የሚል ሙግት አልሰማንም። ሴት በባሏ ወይም በወንድሟ አፍ ትሟገት ነበር፤ ባሏና ወንድሟ ራሳቸው ባለጋራ ሲሆኑባት ደግሞ የሚናገርላት አልነበረም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የምንጠላው ለዚህ ነው፤ የወጣው ከዘፈን አይመስለንም፣ ከችሎት ነው የሚመስለን። አንዳንዶቻችሁ የእቴጌ ጣይቱን ስም ታነሱ ይሆናል፤ አያታቸው የሰሜን ገዥ ስለነበሩ እኛም እንኮራባቸዋለን። ግን የደጃዝማች የልጅ ልጅ መናገሯ ለገበሬ ልጅ አፍ አይሆናትም።

እንግዲህ «በይ ልበልሽ» የሚለውን ያመጡት ሕግ የተማሩት ሴቶች ናቸው።

የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የተቋቋመው ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ በዋለበት ሰሞን ነው። መሥራቿና የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ በሕገ መንግሥቱ ዝግጅትም የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ማኅበሩ ሁለት ሥራ ይዞ ተነሳ። አንደኛው፣ መክፈል ለማትችል ሴት በነጻ መምከር፣ ክስ መጻፍና ጠበቃ ማቆም። ሁለተኛው፣ ሕጉ ራሱ የተበላሸ ሲሆን ሕጉን ማስለወጥ። መጽሔታቸውን «በርቺ» ብለው ሰየሙት። እናቶቻችን ምጥ ላይ ያለችን ሴት የሚሉትን ቃል የሕግ መጽሔት ላይ ማየት ለእኛ ደስ ይላል።

ማኅበሩ ገና ሕፃን ሳለ አንድ ከባድ ጉዳይ ገጠመው። በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ጠላፊው ከደፈራት በኋላ ጠመንጃውን አንሥታ ስታመልጥ፣ ሲከተላት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በአገሩ ልማድ ጠለፋ «ጋብቻ» ስለነበር እሷ ባሏን እንደገደለች ተቆጠረች። ማኅበሩ ጠበቃ አቆመላት፤ ሁለት ዓመት ያህል ከተጓተተ በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ነጻ ወጣች፤ ወደ ቀዬዋ ግን መመለስ አልቻለችም።

ይህ ታሪክ «ድፍረት» በሚል ፊልም ተሠርቶ በ2006 ዓ.ም. በዓለም ታይቷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል ግን ባለታሪኳ ራሷ ወደ ፍርድ ቤት ሄዳ አሳገደችው። እኛ ልጅቷን የምናደንቃት ስለ ጠመንጃው ብቻ አይደለም፤ አድጋ «ታሪኬን ያለ እኔ ፈቃድ» ብላ መክሰሷንም ጭምር ነው። የእህታችንን ጉዳይ ስሟን ሳንጠራ የነገርናችሁም ይህን አስበን ነው። አጋሮቻችንም ለሪፖርት ፎቶግራፍ ስታነሱ አስቀድማችሁ ብትጠይቁን ደስ ይለናል።

ያን ጊዜ የነበረው ሕግ ምን ይል እንደነበር ወጣቶቻችን አታውቁትም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር፣ ወንዱ ግን 18 መሙላት ነበረበት። ባል የቤቱ አለቃ ነው፣ ሚስት ትታዘዘዋለች ይል ነበር፤ ጋራ ንብረቱንም የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ይህን ሕግ የጻፉት በዓለም የተመሰገኑ ሊቃውንት ናቸው። ሊቅነት ብቻውን አይበቃም ለማለት ነው።

የሴት ጠበቆቹ ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ስለዚህ ሕግ ዓመታት ጮኸ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የቤት አለቃ የሚለው ቀረ። የጋራ የሆነ ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ አይከራይም ተባለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ያ ሕግ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ብቻ ነበር፤ የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልል ስለሆነ። የእኛ ክልል የራሱን ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79ን፣ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ያህል የአዲስ አበባዋ ሴት ከባሏ እኩል ስትሆን የዳባቷ ሴት በሕግ ፊት ገና ታዛዥ ነበረች። በአንድ አገር፣ በአንድ ሕገ መንግሥት ሥር። አዲስ አበባ ሕግ ወጣ ሲባል «እኛ ዘንድስ ደርሷል ወይ?» ብለን የምንጠይቀው ይህን ስለተማርን ነው።

የወንጀል ሕጉ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ተለወጠ። ዛሬ ለማግባት ብሎ የጠለፈ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ይታሰራል፤ በኋላ ቢያገባትም ከወንጀሉ አይድንም። ያለዕድሜዋ ያጋባ፣ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ይቀጣል። ሕጉ ይህ ነው። ኑሮው ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ታይቷል፤ በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ የተዳሩት 16 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ነው። ከእኛ መካከልም እጃችሁን አውጡ ብንል ብዙ እጅ ይወጣል። አንልም።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ፤ ለእኛ ለገበሬ ሴቶች ትልቁ እሱ ነውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ በተለይም መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር ረገድ ከወንድ እኩል መብት አላት ይላል። ወረቀት ነው እንዳንል፣ በክልላችን በ1990ዎቹ አጋማሽ የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጻፈ፣ ፎቶግራፋቸውም ተለጠፈ። ይህን ፎቶግራፍ አትናቁት። ስም ይመሳሰላል፤ ያልተማረች ሴት ስሟ በትክክል መጻፉን ማንበብ አትችልም። ፊቷን ግን ታውቀዋለች፣ ዳኛውም ያየዋል። እህታችን ፊደል አልቆጠረችም፤ ደብተሩን ገልጣ «ይቺ እኔ ነኝ» ማለት ግን ማንም አላስተማራትም። እናንተም ዛሬ ስትመለሱ ደብተራችሁ የት እንዳለ እዩ። በአማታችሁ ቤት ወይም በባላችሁ ወንድም ሣጥን ከሆነ ለኮሚቴው ንገሩ።

ስለ ገንዘብ እንናገር፤ አጋሮቻችንም ስላላችሁ በግልጽ ብንናገር ይሻላል።

የሴት ጠበቆቹ ማኅበር ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፍትሕ ሚኒስቴር ከተቋቋምክበት ዓላማ ውጭ ሄድክ ብሎ አገደው፤ ከዚያ በፊት ማኅበሩ ጥቃት ለደረሰባት ሴት መንግሥት ጥበቃ አላደረገም ብሎ በይፋ ተናግሮ ነበር። እገዳው ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በ1994 መግቢያ ላይ ተነሣ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ከገንዘቡ ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ሥራ አይገባም አለ። የማኅበሩ ገንዘብ አብዛኛው ከውጭ ነበር። የባንክ ሂሳቡ ታገደ፣ ሠራተኞቹ ተበተኑ፣ ነጻ የሕግ ምክሩ ተመናመነ። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ማኅበሩን ሕይወቱን ያቆዩት በነጻ የሚያገለግሉ ጠበቆችና በየወረዳው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ወይዘሮ መዓዛም በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፣ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ጥር አገለገሉ። በአንድ ወቅት ማኅበራቸው የታገደባቸው ሴት የአገሪቱ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደስ ያሰኛል። እህታችንን ግን ደባርቅ አያደርሳትም።

አጋሮቻችን፣ ቅር እንዳይላችሁ። ሥልጠናውን፣ የሕግ መጽሐፎቹን፣ ቢሮውን እናንተ ስትረዱን ቆይታችኋል፤ ወደፊትም እንለምናችኋለን። የፍርድ ቤት መሄጃው ግን ከእኛው መዋጮ እንዲሆን የምንፈልገው ሕግ ቢለወጥ፣ ፕሮጀክት ቢያልቅ፣ መንገድ ቢዘጋ የማይቋረጥ ነገር አንድ እንኳ እንዲኖረን ብለን ነው። ደግሞም ተከሳሹ ወገን «የፈረንጅ ገንዘብ ይዛ ነው የምትከሰኝ» ሲል ሰምተናል። አምስት ብሩን የሰጡት ጎረቤቶቹ መሆናቸውን ቢያውቅ አፉ ይይዘዋል።

በሐሳቡ ላይ ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ከማያውቁ ሰዎች የመጣ አይደለም። ትልልቆቹ እናቶቻችን «ነገር በሽማግሌ ይለቅ፣ ፍርድ ቤት ቂም ይተክላል» ይላሉ። እኛም ሽምግልናን አንጠላም። የዕርፍና የሞፈር ጠብ፣ የከብት ጥፋት፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ በሽማግሌ ባያልቅ ኖሮ ይህ አገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክርን በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው ሁለቱ ወገኖች ሲፈቅዱ ነው ይላል። «ሲፈቅዱ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ሽማግሌው የባሏ አጎት፣ የተቀመጠበት የአማቷ ግቢ፣ የቀረበው ጠላ የአማቷ ሲሆን፣ የሷ ፈቃድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ኮሚቴው የሚለው ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሽምግልና ይሞከር፣ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱን ግን እሷ ትምረጥ፣ ከማኅበራችንም አንዲት ሴት አብራ ትቀመጥ። ካልሆነ ፍርድ ቤት ይኬድ። ጠለፋ፣ መድፈርና ያለዕድሜ ጋብቻ ግን ወንጀል ስለሆኑ ወደ ሽማግሌ አንወስዳቸውም። እነሱ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ናቸው።

ሌሎቻችሁ «ይህ የቁጠባ ማኅበር ነው፣ የነገር ማኅበር አይደለም» ብላችኋል። ሂሳቡን እንየው። ያቺ እህታችን አራቱን ጥማድ ካጣች ብድሯን በምን ትከፍላለች? ባለፉት ዓመታት ብድር መክፈል ያቃታቸው አባላት ጥቂት ናቸው፤ ዝርዝሩ በሂሳብ ሹሟ እጅ ስላለ ጠይቋት። ከፍቺና ከባል ሞት በኋላ መሬት ያጡ ይበዙበታል። ቁጠባችን የተቀመጠው በሣጥን ብቻ አይደለም፣ በየሴቱ መሬትም ላይ ነው።

ሣጥኑ ከጸደቀ እንዲህ ይሠራል። ገንዘቡ ለመኪና፣ ለማደሪያና ለሰነድ ኮፒ ብቻ ነው። ለጠበቃ አይከፈልበትም፣ አይበቃምም። ለዳኝነት ክፍያም አንነካውም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ኮሚቴው ማመልከቻውን አብሮ ያዘጋጃል። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ስትቀመጡ የተጻፈው እስኪነበብላችሁ ድረስ አሻራችሁን አታኑሩ። ሌላው ደግሞ፣ ወደ ቀጠሮ የምትሄድ ሴት ብቻዋን አትሄድም፤ ሁለት አባል በተራ አብረዋት ችሎት ይቀመጣሉ። ምንም አይናገሩም። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ መቀመጥ መብታችን ነው። ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ማየት ለእሷ ብርታት ነው፤ ለተከሳሹም ትንሽ ሐሳብ ይሰጠዋል።

ሰሜን ጎንደር በሦስት ዞን ከመከፈሉ በፊት ይግባኝ የምንለው ጎንደር ድረስ ወርደን ነበር፤ ከደባርቅ እንኳ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ደባርቅ ነው። መንገዱ አጥሮልናል፤ የቀረው ሊማሊሞ ነው።

ድምፅ አሰጣጡ በምስጢር ነው፤ ከአማቶቻችሁ ጋር የመጣችሁ ስላላችሁ እጅ አናስወጣም። በየአንዳንዳችሁ እጅ አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ተሰጥቷችኋል። ይቋቋም የምትሉ ባቄላውን፣ አይቋቋም የምትሉ ሽምብራውን እንስራው ውስጥ ጣሉ፤ የቀረውን ደግሞ በነጠላችሁ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እንስራው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ከዛሪማ በኩል የመጣችሁ መኪናችሁ እንዳያመልጣችሁ ቀድማችሁ ተነሡ።